ገመዱን የያዙት፦ ስለ አንድ ፎቶግራፍና ስለ ሰባራ ድልድይ

የአንድ ፎቶግራፍ ጥሩነት በምን ይለካል? በብርሃኑና በጥላው የሚለኩት አሉ፤ በአቀማመጡ የሚለኩት አሉ፤ ባለሙያዎች ናቸውና አይፈረድባቸውም። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ድልድይ ያሠራ ፎቶግራፍ ነው። ግጥሞቻችን፣ ልቦለዶቻችንና ቲያትሮቻችን ባንድነት ቢደመሩ አንዲት የእግር መሻገሪያ ማሠራታቸውን አልሰማሁም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ሲነሳ አስቀድሞ ከመቀመጫ ብድግ ማለት ይገባል። ብድግ ካልን በኋላ ግን መተቸታችንን አንተውም።

ፎቶግራፉ የወጣው ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ነው። ያነሳችው ኔቫዳ ዊር የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ስትሆን፣ ጊዜውም ከጸሐፊዋ ከቨርጂኒያ ሞረል ጋር ዐባይን ተከትለው የወረዱበት ጉዞ ነው። የሚታየው እንዲህ ነው። መሀሉ የተቆረጠ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ባዶው ላይ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከወዲህም ከወዲያም ሰዎች ገመዱን ይዘዋል፤ በየወገኑ አሥር አሥር ያህል ናቸው ይባላል። ከታች ዐባይ ነው። ሌላ ነገር የለም።

ቦታው ሰባራ ድልድይ ይባላል። በአንድ በኩል እስቴና አንዳቤት፣ በሌላው ሞጣ፤ ማለትም አንድ እግሩ በጌምድር አንድ እግሩ ጎጃም የቆመ ድልድይ ነው። የአገሩን አቀማመጥ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እስቴን፣ ፋርጣንና ጋይንትን ቁልቁል ያያል። ከሱ የሚወርደው ውሃ ገሚሱ ርብና ጉማራ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ገሚሱ ወደ ዐባይ ሸለቆ፣ ገሚሱም ወደ ተከዜ ይሄዳል። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ዓርብ ገበያን አልፎ ወደ ስማዳ ሲኬድ ምድሩ በየደረጃው እየተሰነጠቀ ይወርድና በሽሎና ዐባይ ላይ ያልቃል። የስማዳ ሰው ወሎን በዓይኑ ያየዋል፤ ጎጃምንም በዓይኑ ያየዋል። በእግሩ ለመርገጥ ግን ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት አለበት፤ ያውም ውሃው ከፈቀደለት። በዚህ አገር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በቁልቁለትና በአቀበት ነው።

እንዲህ ያለውን መሬት ሌላው ዓለም በገመድ ይሻገረዋል። በተራራና በተራራ መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚሄደው ነገር አማርኛችን በቅጡ ስም አላወጣለትም። ጋዜጦቻችን ኬብል ካር ይሉታል፤ አስመራ የኖሩት አዛውንት ቴሌፌሪካ ይሉታል። እነሱ ያውቁታል፤ ምክንያቱም ጣልያን ከምጽዋ አስመራ ድረስ አንድ ዘርግቶ ነበር። ቼረቲና ታንፋኒ የተባለው የሚላኖ ኩባንያ የሠራው ይህ መስመር ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያልቅ በዓለም ላይ የሚወዳደረው አልነበረም። የወራሪው ጦር ስንቅና ዕቃ በትንንሽ ሳጥኖች ተጭኖ በደመና ውስጥ ይጓዝበት ነበር። ከጣልያን ሽንፈት በኋላ እንግሊዞች ነቃቅለው ወሰዱት።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሞቂያ አይደለም። በሰሜን ያ ሁሉ የብረት ገመድ በተወጠረበት በዚያው ወረራ ዘመን፣ እዚህ ዐባይ ላይ የሆነው የተገላቢጦሽ ነበር። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ቆሞ የነበረው ድልድይ፣ እንደሚተረከው፣ ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ መሀሉ ፈረሰ። ወራሪው መንገዱን በገመድ ሲያበጅ ባላገሩ የገዛ መንገዱን በገዛ እጁ ቆረጠ። ጠላት ከሄደ በኋላ ሕዝቡ ከስብራቱ ጋር ከስልሳ ዓመት በላይ ኖረ። ስሙንም አልደበቀለትም፤ ሰባራ ድልድይ አለው።

እንግዲህ ወደ ፎቶግራፉ እንመለስ። ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ? የለም። ፎቶግራፍ ምክንያት አያውቅም። ስብራቱን እንጂ የሰበረውን እጅ አያሳይም። ይህን የማያውቅ ተመልካች ሥዕሉን ሲያይ የሚገምተው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ድልድዩ በእርጅና ፈረሰ፣ ወይ እነዚህ ሰዎች መጠገን አቃታቸው። ሁለቱም የድህነት ታሪክ ናቸው። እውነቱ ግን የጦርነት ታሪክ ነው፤ ድል ያደረገ ሕዝብ የከፈለው ዕዳ ነው። አርበኝነትን በየዓመቱ በሰልፍና በመድፍ ድምፅ እናከብራለን፤ ሚያዝያ 27 ቀን እናከብረዋለን። አርበኝነቱ ለስልሳ ዓመታት በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር ግን ያየው አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ጉድለት ሌላ ነው። የፎቶግራፉን ዓይን የሚስበው የተንጠለጠለው ሰው ነው። ማንም ቢያይ አስቀድሞ እሱን ያያል፤ «ቢወድቅስ?» ይላል። እኔ ግን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ ያዡ ነው። በገመድ ሲሻገሩ አንደኛው ወገን ሲስብ ሌላኛው ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት። የሚስበው ቢቸኩል፣ የሚለቀው ቢያንቀራፍፍ ሰውዬው መሀል ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም ቢለቁ ያልቅለታል። ጎጃሜው ሲስብ በጌምድሬው ይለቃል፤ በጌምድሬው ሲስብ ጎጃሜው ይለቃል። ተያይተው፣ ተጠባብቀው፣ አንዱ የሌላውን እጅ በገመዱ ውጥረት እያወቀ። ደቦና ወንፈል የሚያውቅ አገር ነውና ነገሩ አይገርምም። የሚገርመው የኛ ቲያትር ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ትዕይንት ለሀያ ዓመት ሲፈልጉት ኖረው አለማግኘታቸው ነው።

በመጽሔቶቻችን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ቅሬታ አለ። የውጭ ሰው ካሜራ ድህነታችንን ብቻ ይለቅማል፣ ገጽታችንን ያበላሻል የሚል። ከራሴ ጓደኞች ብዙዎቹ ይህን ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት ማኪያቶ ይዘው ነው። በበኩሌ በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ቅሬታው አይሠራም ባይ ነኝ። በዚህ ሥዕል ውስጥ የሚለምን እጅ የለም። እጆቹ ሁሉ ገመድ ይዘዋል። ዊር ይህን በማየቷ ልትመሰገን ይገባል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ እሷ በአንድ ቀን ያየችውን እኛ በስልሳ ዓመት እንዴት አላየነውም?

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለቤት መኪናው እስኪጠገን ተቀምጦ ሲጠብቅ ያንን መጽሔት አነሳና ፎቶግራፉን አየ። ዓይቶ አልተወውም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2002፣ በተሰበረው ላይ የብረት ርብራብ አጋደመበት። ዕቃው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ገደሉን ወርዶ ነው የተሠራው። ሰውዬው ደግ ሥራ ሠርቷል፤ ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድዮችን አቁሟል። ይህን ማሳነስ ንፉግነት ነው።

የድርጅቱ አመሠራረት ሲተረክ ግን ታሪኩ ሁልጊዜ የሚጀምረው መኪናው ከተበላሸበት ሰው ነው። እንደ ትረካ መቼም ያምራል፤ አጋጣሚ አለው፣ ጀግና አለው፣ መፍትሔ አለው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ስናየው ግን ባለታሪኩ ተለውጧል። ሦስት መቶ ሀምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ድልድይ መነሻ አጋጣሚ ሆኖ ቀረ፤ ገመድ ያዦቹም የመክፈቻው ምዕራፍ ላይ ታይተው የሚጠፉ አጃቢዎች ሆኑ። ፎቶግራፉ የተንጠለጠለውን ሰው አጉልቶ ያዦቹን ወደ ዳር እንዳደረገ ሁሉ፣ ትረካው ደግሞ ተንጠልጣዩንም ያዡንም ወደ ዳር አድርጎ ያየውን ሰው መሀል አቆመው። ስሕተቱ የክፋት አይደለም። ታሪክ ጸሐፊውን ይመስላል፤ እኛ ብንጽፈው ኖሮ ደግሞ እኛን በመሰለ።

በዚህ ላይ ዐባይም የራሱን ሂስ ጨመረበት። በ2005 የመጣው ደራሽ ውሃ የብረቱን ርብራብ ይዞት ሄደ። የፋሲል ዘመን ድንጋይ ቆመ፤ የኛ ዘመን ብረት ሄደ። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ ግን አሳሳቂ አይደለም፤ ለሦስት ዓመት ያህል በእርጋታ የተሻገረ ሰው እንደገና ገደል አፋፍ ላይ ቆሟልና። በኋላ፣ በ2009፣ በብረት ገመድ የተወጠረ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ከዚያ የሰው እጅ የያዘው ገመድ፣ ከዚያ ብረት፣ መጨረሻ ደግሞ ገመድ። ዐባይ ገደል ላይ ያዋጣው የገመዱ አሳብ ነበር ማለት ነው። ያዡ ብቻ ነው የተለወጠው፤ በሀያ ሰው እጅ ፋንታ የሲሚንቶ መልሕቅ ገባ።

የጋይንትን ነገር የውጭ ሰው «ሲያገኘው» ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያ አገር ተጉዞ በ1959 «የራሴላስ ተራሮች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ተራራ ፍለጋ ነው፤ በመሀሉም ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ ሣር የለበሰ ነበር፤ ውስጡ ሲገባ ግን በመካከለኛው ዘመን የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ተደብቆ አገኘ። በጽሑፉ ውስጥ ደስታው ይሰማል፤ ደስ የሚል መጽሐፍም ነው። የኪነ ሕንፃ ሊቃውንት በእርግጥም ባለውለታው ናቸው።

ቤተልሔም ግን ጠፍታ የተገኘች ቦታ አልነበረችም። የድጓ ማስመስከሪያ ናት! ድጓ ልመስክር ያለ ደብተራ ሁሉ ከትግራይም ከሸዋም ከጎጃምም ተነስቶ የሚሄድባት ቦታ ናት። እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከዋሸራ ቅኔ ቆጥሮ «ደግሞ ዜማዬን ልጨርስ» ያለ የቆሎ ተማሪ፣ በየትኛው በኩል ይሁን እንጂ፣ ዐባይን ሳይሻገር ጋይንት አይገባም። ለስንት መቶ ዓመታት የዚህች አገር ሊቅነት አንድ እግሩ ጎጃም አንድ እግሩ በጌምድር ሆኖ ኖሯል። ድልድዩ ሲሰበር የተቋረጠው የጨውና የበርበሬ ንግድ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ በገመድ የተንጠለጠለ ተማሪ አልነበረም የሚል ካለ እኔ አላምነውም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ደራሲዎች ልምጣ። ስለዚህ አገር ጽፈናል? ጽፈናል፤ ግን እያለፍንበት ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ሌሎችም በቲያትርና በግጥም ዐፄ ቴዎድሮስን አንስተዋል። የቴዎድሮስ ነገር ሲነሳ ሁላችንም የምንቸኩለው ወደ መቅደላ ነው። ሽጉጡ እዚያ ነዋ! ይሁንና ንጉሡ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከተነሱ ጀምሮ በመጋቢት 1868 መቅደላ እስኪገቡ ድረስ አምስት ወር ከመንፈቅ ያህል ፈጅቶባቸዋል። ጋፋት ላይ የተሠራው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በጋይንት ምድር እየተጎተተ፣ መንገድ በፊቱ እየተቆፈረለት ነው የሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር ያዩ እስረኞች ጽፈዋል። የንጉሡን እጅ እናውቀዋለን። በገመዱ ሌላ ጫፍ የነበሩት በመቶ የሚቆጠሩ እጆች የማን ነበሩ?

እኔ የቴዎድሮስ ሥነ ጽሑፋችንን ከነክብሩ የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ሲቆም ማየት እንወዳለን። መቅደላ ላይ ያለውን ቴዎድሮስ፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ተንጠልጣይ። ብቻውን የቆመ ሰው ለግጥም ይመቻል፤ ይንጎራጎርለታል፤ ለፖስተር ይሆናል። ገመድ የያዘ ሰው ግን ከሌሎች ዘጠኝ ጋር ነው የቆመው፤ ፊቱ አይለይም፤ የሚናገረውም «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ቢሆን ነው። ይህን ለመጻፍ ሌላ ዓይነት ጥበብ ይጠይቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃምን ገበሬ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነሱ ጥበቡ እንዳለን አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙዎቻችን ከተማ ገብተን ቀርተናል።

ስለ ከተማ ካነሳን አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተቻ አለ። የአዲስ አበባ ወጣት ገንዘብ ከፍሎ፣ ቆብና ቀበቶ ታጥቆ፣ እየጮኸ ይንሸራተታል፤ ጓደኛው በስልክ ይቀርጸዋል። መጫወት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ደስ ይለኛል። ብቻ ያው አንድ ገመድ እንጦጦ ላይ መዝናኛ፣ ዐባይ ላይ ገበያ መሄጃ መሆኑን ያስተዋለ ጽሑፍ አላነበብኩም። በሌላው ዓለም ይህን ያስተዋሉ አሉ። በኮሎምቢያ የሜዴሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በቦሊቪያ ላ ፓስና ኤል አልቶ ደግሞ በ2014 የገመድ መጓጓዣ የተዘረጋው ለቱሪስት ተብሎ ሳይሆን አቀበት ላይ የሚኖረው ድኻ ሥራው ቦታ እንዲደርስ ተብሎ ነው። ባለሙያዎቻችን ስለ ተራራ ገመድ ሲያወሩ እስካሁን የሰማሁት ሁሉ ስለ ጎብኚ ነው። የላሊበላ ጎብኚ፣ የሰሜን ተራሮች ጎብኚ። የስማዳ ባለ ጤፍ በዚህ ወሬ ውስጥ የለም።

አንዳንዱ «ታዲያ ሥነ ጽሑፍ ድልድይ ሊሠራ ነው ወይ?» ይለኝ ይሆናል። አይሠራም፤ ፎቶግራፉም አልሠራም፤ የሠሩት ሰዎች ናቸው። ፎቶግራፉ ያደረገው ነገር አንድ ሰው ገጽ ሲገልጥ እጁን መያዝ ነው። አንድም የአማርኛ ገጽ የዚህን ስብራት ነገር እንዲህ አድርጎ የአንባቢን እጅ አለመያዙ ግን የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ሞጣም ሆነ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ አላት፣ ደብተራ አላት፣ ግጥም የሚገጥም አላት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከእነዚያ ከተሞች የመጣ ጋዜጠኛ ሞልቷታል። ዝም ያልነው ባለማወቅ አይመስለኝም። የምናውቀውን፣ በየቀኑ የምናየውን ነገር ለጽሑፍ የሚበቃ አድርገን ስለማንቆጥረው ነው። ፈረንጅ ሲያነሳው ግን ወዲያው ለጽሑፍ ይበቃል፤ ይኸው እኔም የጻፍኩት ከፎቶግራፉ ተነስቼ ነው።

የመጨረሻው ገመድ ከተሳበ ሀያ ዓመት አልፎታል። በ2002 አርባ ዓመት የሞላው ገመድ ያዥ ዛሬ ስልሳዎቹን አጋምሷል፤ ያን ጊዜ ስልሳ የነበረው ሰማንያውን አልፏል፤ ካለ። ገመዱ ከምን ይገመድ እንደነበር፣ ሰውየው ወገቡ ላይ እንዴት ይታሰር እንደነበር፣ ሴት እንዴት ትሻገር እንደነበር፣ ሕፃን የያዘችውስ፣ በግ እንዴት ይሻገር እንደነበር፣ ተሻጋሪው መሀል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍን ወይስ ቁልቁል ያይ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለ ፎቶግራፉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ስለ ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ይህኛው ግን በማንም ሊጻፍ የሚችለው በአማርኛ፣ ያውም በዚያው አገር አማርኛ ነው። አንድ መቅረጫ ይዞ ከመካነ ኢየሱስ ወደ አንዳቤት፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዐባይ የሚወርድ ወጣት ጸሐፊ ካለ የዚህ መጽሔት ገጾች ለእሱ ክፍት መሆናቸውን አዘጋጁን ሳላማክር ቃል እገባለሁ።